ለታናሺቱ የገባ መስመር

«ኧረ ቁጭ በይ ልጄ፤ ቆመሽማ አይሆንም» አሏትና ሴትየዋ ተቀመጠች። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ፣ በሁለት ሽማግሌዎች መሃል ተሸጉጣ፣ የመሣሪያ ቦርሳዋን ወደ እግሯ ሥር ገፋ አደረገችው። ሻይ መጣላት። ዳቦ ተከተለ። ጎኗ ያሉት አዛውንት ጠጋ ብለው «ምኗ ነሽ አንቺ?» ቢሏት ግራ ገባትና «እኔ እንኳን...» ብላ ሻይዋን ፉት አለች። የመጣችው ኢንተርኔት ልታስገባ ነበር። ግን ይህን ለቅሶ ቤት መሃል ቆሞ እንዴት ይናገሩታል?

የሟች ባል ከማዶ ጥግ ሆኖ አይቷታል። ሸሚዟ ኪስ ላይ ያለውን የመሥሪያ ቤቷን ምልክትም ለይቶታል። ዕድሜውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ስለኖረ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ሰፈሩ «ሹፌሩ» እንዳለው ቀርቷል። ሻይዋን ጠጥታ፣ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ «እግዜር ያጥናችሁ» ብላ ብትሄድለት በወደደ።

ሴት ልጁ ግን ከጓዳ ብቅ አለች። «ውይ! የኢንተርኔቷ ነሽ እንዴ? ስጠብቅሽ እኮ ነው የዋልኩት!»

ወዲያው ሹክሹክታው ተነሳ።

«ሬሳዋ ሳይቀዘቅዝ?» አለች ጎረቤታቸው ባለሱቋ፣ አጠገቧ ላለችው። «ምን ሊያዩበት ይሆን? አይ የዘንድሮ ልጆች!»

ሹፌሩ ሰማ። ሹፌር ከኋላው የሚወራውን መስማት ያውቅበታል። መልስ ነበረው፤ ግን መልሱ ራሱን ስለሚያስፈራው ዋጠው።

ኢንተርኔቱ የሚገባው ለዋርሳው ነበር፤ ለሚስቱ ታናሽ እህት።

ታናሺቱ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም፣ አትናገርም። ከተራራው ማዶ ያለች ከተማ ውስጥ ትኖራለች። አሁን ደግሞ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ የአልጋ ቁራኛ ሆናለች። የእህቷን ሞት በስልክ መልእክት አነበበችው፤ ቀብሯ ላይ አልቆመችም፣ ከዘመድ ጋር አላለቀሰችም። የሹፌሩ ልጅ በእጅ ስልኳ በምስል ልታገናኛት ሞክራ ነበር። የነሹፌሩ ቤት ግን ገደል ሥር ስለሆነ የስልኩ ኔትወርክ ድምፅ እንጂ ምስል አይችልም። የአክስቷ እጆች አየር ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ለሚሰማ ሰው ድምፁ በበቃ። ለእሷ እጅ ቆመ ማለት አፍ ተዘጋ ማለት ነው። «ደህና መስመር ይግባ፣ በላፕቶፑ ሰፋ አድርገን እናያታለን» ብላ ያመለከተችው ልጅቱ ናት።

ሟች የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። መስመር በእጅ ይገናኝ በነበረበት ዘመን፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ «ማንን ላገናኝዎት?» ስትል ከተማው ሁሉ ያውቃታል። ሹፌሩ መልኳን ሳያይ በድምፅዋ ፍቅር ነው የወደቀው። ሰዉን ሁሉ ስታገናኝ ውላ፣ የገዛ እህቷን ግን በስልክ ልታገኛት አትችልም። ስለዚህ የእረፍት ቀኗ በደረሰ ቁጥር ተራራውን ተሻግራ ትሄዳለች፤ ዝናብ ቢጥል፣ ሆዷ ቢገፋ፣ ጉልበቷ ቢያማት። ላፕቶፕ በየቤቱ ከገባ ወዲህ እንኳ ልጇ ስትወተውታት «እህቴን በመስኮት አላያትም» ብላ እምቢ አለች።

ሁለቱ ልጆች ሳሉ አስተማሪ አልነበራቸውም፤ የእጅ ቋንቋቸውን ራሳቸው ፈጠሩት። ሹፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተዋወቃት ታናሺቱ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና፣ ጉንጯን ነፍታ፣ በሁለት እጇ የሌለ መሪ አዞረች። እህትማማቾቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ምን አለች?» ሲል ጠየቀ።

«ደህና ሰው ይመስላል ትላለች» አለችው ኦፕሬተሯ፣ ዕንባዋን እየጠረገች።

ዕድሜ ልኩን እንዲሁ ነበር። ታናሺቱ በእጇ አንድ ሰዓት ስታወራ ብትቆይ ለእሱ የሚደርሰው «ደህና ነኝ ትላለች» ብቻ ነው። አላማረረም። አስተርጓሚ ጎኑ እያለች ለምን ይማር?

የመስመር ሠራተኛዋ በመጨረሻ ተነሳች። ኬብሉን ከውጭው ምሰሶ ስባ በመስኮቱ ጥግ አሾለከችው። «ራውተሩን የት ላድርገው?»

ልጅቱ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ያለውን ክፍተት አሳየቻት።

«አይ፣ እዚያ ከቀበርነውማ...» ብላ ጀመረችና ምላሷን ነከሰች። ፊቷ ቀላ። ሹፌሩ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሩ ፈገግ ሊል ዳዳው። «ማለቴ፣ ከፍ ያለና ያልተጋረደ ቦታ ይሻለዋል።»

ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ተቀመጠ። መብራቶቹ ቀይ በሩ፣ ትንሽ ቆዩና አረንጓዴ ሆኑ። ልጅቱ ላፕቶፑ ላይ ዋይፋዩን ፈልጋ የይለፍ ቃሉን አስገባች። «ያዘ!» አለች በደስታ፤ ወዲያው የት እንዳለች ትዝ ሲላት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

ሳሎኑ በሰው ስለተጨናነቀ ላፕቶፑን መኝታ ቤት አስገቡት። ሹፌሩ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«አባዬ፣ እየጠበቀችህ እኮ ነው።»

«ምን እላታለሁ? በየትኛው እጄ?»

«እኔ አለሁልህ። ና።»

ታናሺቱ ማያው ላይ ብቅ አለች። ትራስ ተደግፋ፣ ፀጉሯ ሳይበጠር፣ በሟች ግንባርና በሟች ቅንድብ። እጆቿን አነሳች፣ መናገር ጀመረች፤ ምስሉም ቀጥ አለ። ጣቶቿ እንደተዘረጉ ቀሩ።

የመስመር ሠራተኛዋ ግድግዳውን አንኳኳች። «ይኸ ነው ጉዱ። የድሮ ግንብ ዋይፋይ አያሳልፍም። ሳሎን ብታናግሯትስ?»

ሹፌሩ የቆመውን ምስል አየ። ሲፈራው የሰነበተው ይህን ፊት ነበር። አሁን አፏ እንደታፈነ ሰው ሆና ሲያያት ፍርሃቱን ረሳው። ሳሎን ቦታ የለም፤ ታዲያ ይህችን ሴት እንዲህ አድርጎ ሊተዋት?

«ኬብሉ ይረዝማል?»

«ኮሪደሩ ድረስ ይደርሳል።»

«እንግዲያው ሳቢው። ራውተሩን ከዚህ በር በላይ እንሰቅለዋለን።» ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ወጣ።

ባለሱቋ እየሮጠች መጥታ ወንበሩን ያዘችለት። «ኧረ ይወድቃሉ! ለመሆኑ ለማን ነው ይኼ ሁሉ?»

«ለእህቷ» አላት ምስማሩን እየመታ። «ለማትሰማዋ። ታልቅስበት።»

ባለሱቋ ወንበሩን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች።

ምስሉ ተንቀሳቀሰ። የታናሺቱ እጆች ካቆሙበት ቀጠሉ። ልጅቱ የምታውቀውን ያህል ትተረጉምለት ጀመር፤ «በመጨረሻ ስቃይ ነበራት ወይ ትላለች... ማን አጠባት ትላለች...» ብዙም ሳይቆዩ ግን የእናቷ የድሮ የሥራ ባልደረቦች እየጮኹ ገቡና ልትቀበላቸው ወጣች።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ታናሺቱ ረጅም ነገር ተናገረች፤ እጆቿ ወደ ደረቷ፣ ወደ ሰማይ፣ ወደ እሱ እየተመላለሱ። ሹፌሩ እንደ ልማዱ ወደ ጎኑ ዞር አለ።

«ምን አለች?»

አልጋው ተነጥፏል። ትራሱ ላይ ማንም የለም።

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ቀና ሲል ታናሺቱ አልሄደችም። እሷም አልቅሳ ኖሮ በእጅጌዋ አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ የጣቶቿን ጫፍ ሰብስባ ወደ አፏ አስጠጋችና ቅንድቧን ሰቀለች።

ይህ አስተርጓሚ አያሻውም። በልተሃል?

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ሌባ ጣቷን ግራና ቀኝ አወዛወዘች፤ ውሸታም።

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ባለሱቋ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አጠገቡ አስቀምጣ፣ ማያውን ሰረቅ አድርጋ አየችና በሩን መልሳ ወጣች። ሹፌሩ ሳህኑን ቢያይም አልነካውም። ከታናሺቱ አልጋ አጠገብም ሳይነካ የደረቀ ዳቦ ነበር። በአገጩ አመለከታት፤ አንቺስ?

ታናሺቱ ዳቦውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ቆረሰች። ግን ወደ አፏ አላደረገችውም፤ «በሞቴ» ከማለት በማያንስ ፊት እጇን ዘረጋች፣ ዘረጋችና ቁራሹ ማያውን ሁሉ ሞላው።

ሹፌሩም ከሳህኑ ቆረሰ። ቁራሹን በእጁ እንደያዘ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለና አፉን ከፈተላት።