ሰባተኛው ገጽታ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «ቀለም ቀቢው» ነበር የሚሉት። ሠራተኛው ሁሉ በየቀኑ የሚከፍተውን ድረ ገጽ መልክ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ የፊደሉን መጠን፣ የመደቡን ቀለም፣ የአዝራሩን ቅርጽ የሚወስኑት ፋይሎች በእጁ ናቸው። ባልደረቦቹ ወደ አዲሱ ሕንፃ ሲዛወሩ እሱ ከአሮጌው ሰርቨር ጋር በቀድሞው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀረ። ሕንፃው ውስጥ ብቻዬን ነኝ ብሎ ያምን ነበር።

አንድ ሰኞ አለቃው ደወለ።

«የድረ ገጹን ሰባት ገጽታዎች ወደ አንድ አምጣልኝ። አዲሱ ሲስተም ሌላውን አይሸከምም።»

ከማጥፋቱ በፊት ማን የትኛውን እንደሚጠቀም አየ። አንዱን ሁሉም ይጠቀምበታል፤ አምስቱን ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ሰባተኛው፣ ጥቁር መደብ ላይ ግዙፍ ቢጫ ፊደል ያለው፣ አንድ ተጠቃሚ ነበረው፤ ከሥሩ፣ ምድር ቤት፣ መዝገብ ቤቱ ውስጥ።

ወረደ። አንዲት አሮጊት አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«እማማ፣ ይህን ማን ሠራልዎት?»

«ካንተ በፊት የነበረው ልጅ። ዓይኔ ሲደክም ጊዜ እዚህ ተቀምጦ ፊደሉን እያሳደገ ‹አሁንስ?› ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ወጥቶ ቀረ። ደህና ነው?»

«አላውቀውም» አለ። እውነቱን ነው፤ የሚያውቀው ኮዱን ብቻ ነበር።

ሰባተኛው አይጥፋ ሲለው አለቃው «ለአንድ ሰው ብለህ?» ብሎ ሳቀበት። እሱ ግን ቢጫውን ከነፊደሉ ወደ አዲሱ ገጽታ ማዛወር ጀመረ። ቀለሙ ደምቆ እንደሆነ፣ መስመሩ ተጠጋግቶ እንደሆነ ለመጠየቅ በየቀኑ ይወርዳል። ምሳውንም እዚያው ይበላ ጀመር። አሮጊቷ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው ሬዲዮ ያወሩታል፤ እሱ ይስቃል።

በሁለተኛው ሳምንት ተጠናቀቀ።

«ኧረ ጥርት ብሎ ታየኝ! እጅህ ይባረክ» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ እኮ ዓርብ ጡረታ ወጪ ነኝ።»

«ምነው እማማ! ቀድመው ቢነግሩኝ ምን አለበት?»

«ብነግርህ ኖሮ ትመጣ ነበር?»



ዓርብ ዕቃቸውን ተሸክሞ እስከ በሩ ሸኛቸው። ስልክ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ሰጣቸው፤ የእሳቸውን መቀበል ግን ትዝ አላለውም። እስካሁን አልደወሉም።