ሲሃም «ደህና ነው» ያለችው ዲስክ

በላቸው ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድመን እንነጋገር፤ አለዚያ የሠራውን የሰማ ሁሉ «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ማለቱ አይቀርም። ቢቸና ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነው። ፕሪንተር ወረቀት ሲያኝክ፣ ፕሮጀክተር ሲጠቁር፣ የርዕሰ መምህሩ ስልክ ሲቆለፍ «በላቸውን ጥሩት» ነው። ጥሩት ጥሩት ሲሉት ደግሞ ሰው ይለምዳል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ «አልቻልኩም» ብሎ የመለሰው ዕቃ ስላልነበረ፣ መሳሳት የሌላ ሰው ሥራ መስሎት ነበር።

የመዝገብ ቤቱ ኮምፒዩተር ዲስክ እየተንቋቋ ማስቸገር የጀመረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምዝገባ ሊዘጋ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ሰብለ ወንጌል «የልጆቹ ውጤት ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው፤ ይኼ ነገር ከሞተ እኔም አብሬው ሞቻለሁ» አለችው። በላቸው ሞጣ ሄዶ አዲስ ሃርድ ዲስክ ገዛ።

የገዛው ከሐጂ ሙሐመድጣሂር ሱቅ ነው። ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም እዚያው ሞጣ ላይ ጨርቅ ሸጠዋል። እሳቸው የለኩትን ጨርቅ ሰው ቤቱ ወስዶ ደግሞ አይለካውም። ከሱቁ ጥግ አንዲት ጠረጴዛ ለምና ኮምፒዩተር መጠገንና የኮምፒዩተር ዕቃ መሸጥ የጀመረችው ልጃቸው ሲሃም ናት። ሐጂ የፈቀዱላት ቅር እያላቸው ነው። «አንድ ሰው በዕቃሽ ቢያዝንብኝ፣ ያን ቀን ጠረጴዛዋ ትነሳለች» ብለዋታል።

ሲሃም የበላቸው ተማሪ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት ክረምት ላይ ሞጣ መጥቶ የጥገና ሥልጠና ሲሰጥ፣ ከፊት ተቀምጣ የተነፈሰውን ሳይቀር ስትጽፍ የከረመች ልጅ ናት። ዲስኩን ስትሸጥለትም የራሷ ኮምፒዩተር ላይ ሰክታ፣ ግማሽ ሰዓት መርምራ፣ ነጭ ፕላስተር ለጠፈችበትና በእስክሪብቶ «ደህና ነው። ሲሃም» ብላ ጻፈች፤ ቀኑንም ጨመረች።

«ይኼን ያህል ምን አስጨነቀሽ?» አላት እየሳቀ።

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ቲቸር፣ ሳትፈትሹ ለሰው አትስጡ ያሉን?»

ቢቸና ተመልሶ ሥራውን ጀመረ። አዲሱን ዲስክ ከአሮጌው ጎን ሰካው። ሁለቱም እንደተሰኩ አዲሱ ላይ ዊንዶውስ ጫነ፣ የልጆቹን ውጤት ገለበጠ። ሁሉም ሰመረ። ከዚያ አሮጌውን ነቅሎ አወጣና ማብሪያውን ተጫነ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ የሚያስነሳ ዲስክ አልተገኘም የሚል አንድ መስመር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ወጣ። ገመዱን ቀየረ፤ ያው ነው። መሰኪያውን ቀየረ፤ ያው ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ሲያይ የዲስኩ ስም ተጽፏል፤ ኮምፒዩተሩ ግን በሱ አልነሳም አለ።

«የሞጣው ዕቃ የሞተ ነው» አላት ሰብለ ወንጌልን። እሷ ደግሞ የሰማችውን የምታሳድር ሴት አይደለችም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቢቸና ውስጥ ኮምፒዩተር ያለው ቢሮ ሁሉ ሰማ።

አሁን ኃጢአቱ ጋ ደረስን። በማግስቱ ሞጣ ሲደርስ የገበያ ቀን ነበርና ሱቁ በሰው ተሞልቷል። ሐጂን ወደ ጎን ጠርቶ መናገር ይችል ነበር። እርግጥ ከደብረ ወርቅ እስከ ጉንደ ወይን አቧራ ሲቅም ነው የመጣው፤ ይሁን እንጂ አቧራ ሰውን ባለጌ አያደርግም። ዲስኩን ከተዘረጋው ጨርቅ ላይ አስቀመጠና «ሐጂ፣ የእርስዎን ስም አምኜ ገዝቼ የሞተ ዕቃ ተሸጠልኝ» አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ።

ሲሃም ከጠረጴዛዋ ተነሳች። «ቲቸር፣ አንዴ እዚሁ ሰክቼ ልየው?»

«እኔ አይቼዋለሁ። ከኔ በላይ ልታዪው ነው? ይልቅ ደህና ነው ብለሽ ከመፈረምሽ በፊት ተማሪ።»

ጨርቅ ሲያማርጡ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ሳቀች። ሲሃም ቁጭ አለች። ሐጂ አልተከራከሩም። ሌላ ዲስክ አውጥተው ሰጡት፣ «ከቤቴ በወጣ ዕቃ ስላዘኑ ይቅር ይበሉኝ መምህር» አሉት፣ እስከ በሩም ሸኙት። በላቸው ሲወጣ ደስ ብሎት ነበር። ቆይቶ ከሁሉ የከነከነው ይኼ ደስታው ነው።

ሁለተኛውንም ዲስክ እንደ መጀመሪያው አደረገው። ከአሮጌው ጎን ሰካ፣ ጫነ፣ ገለበጠ፣ አሮጌውን ነቀለ። ማብሪያውን ሲጫን ያው ጥቁር ስክሪን፣ ያችው መስመር። «ይኼም ሞተ» ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው። ሁለት አዲስ ዲስክ ተከታትሎ ይሞታል? አሮጌውን መልሶ ከአዲሱ ጋር ሰካና አበራው። ኮምፒዩተሩ ተነሳ። የተነሳውም አዲሱ ዲስክ ላይ የጫነው ዊንዶውስ ነው፣ ጥርት ብሎ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዲስክ ተሰክቶ ሲጫን፣ ኮምፒዩተሩ ዕቃውን ሁሉ አዲሱ ላይ አስገብቶ ማስነሻውን አሮጌው ላይ ሊተው ይችላል። አዲስ ቤት ገብቶ ቁልፉን አሮጌው ቤት እንደ መርሳት ነው። መጀመሪያውንም ሁለተኛውንም ዲስክ ምንም አልነካቸው፤ ቁልፍ ነው ያጡት። መድኃኒቱ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ብቻውን ሰክቶ መጫን ነው። በላቸው ይህን ያውቃል። ማወቅ ብቻ? ያን ክረምት ሞጣ ላይ «ስትጭኑ አንድ ዲስክ ብቻ» ብሎ ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮ ያስተማረ እሱ ነው። ሲሃምም ጽፋዋለች፤ ስትጽፍ አይቷታል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እንግዲህ ይኼ ነው።

አሮጌውን ነቅሎ እንደገና ጫነ። ኮምፒዩተሩ ተነሳ። የልጆቹ ውጤት ተረፈ፣ ምዝገባውም ደረሰ።

«ይኼኛው ደህና ነው ማለት ነው?» አለችው ሰብለ ወንጌል በደስታ።

እዚህ ላይ እውነቱን ቢናገር ነገሩ ባለቀ ነበር። ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር እኮ።

«አዎ፣ ይኼኛው ደህና ነው» አለ።

ከዚያ ወዲያ እህል አልጥም አለው። ጠዋት ዛሬ እደውላለሁ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነገ ይላል። በሳምንቱ ከአንድ ቢሮ ሰዎች መጥተው አምስት ዲስክ ሊገዙ እንደሆነ ነገሩትና «ሞጣ ይሻላል ወይስ ባሕር ዳር?» ብለው ጠየቁት። ሞጣ ቢል «የሞተ ዕቃ ነው ብለህ አልነበር?» ሊሉት ነው። «ባሕር ዳር ይሻላችኋል» አላቸው። አንዱን ውሸት ለመሸፈን ሌላ ደረበበት። ቀጥሎ የሞጣ መንገድ ለሁለት ሳምንት ተዘጋ፤ እግዜር ይቅር ይበለውና ደስ አለው፤ የማይሄድበት ምክንያት አገኘ። ስልክ ግን አልተዘጋም ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ሰብለ ወንጌል ለእህቷ ሠርግ ጨርቅ ልትገዛ ሞጣ ደርሳ መጣች።

«ያቺን የሐጂን ልጅ አየኋት» አለችው መምህራን ክበብ ሻይ ሲጠጡ። «አሁን ጨርቅ ነው የምትለካ። አባቷ ስማችንን አጠፋሽ ብለው ጠረጴዛዋን ከለከሏት አሉ። ያ ያንተ ዲስክ ነው ምክንያቱ። እሰይ፣ ተገላገልን።»

በላቸው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እሰይ አትበይ» አላት። «ዲስኩ ደህና ነበር። ያጠፋሁ እኔ ነኝ።»

ሰብለ ወንጌል ትክ ብላ አየችውና ሳቀች። «አንተ ደግሞ ሆደ ቡቡ ነህ። አሳዝናህ ነው።»

ቢለው ቢለው አላመነችውም። ልጅቷን ለማዋረድ አንዲት ቃል የበቃችው ሰው፣ አሁን ቢምልም የሚሰማው አጣ።

ቅዳሜ ሞጣ ወረደ። ሱቁ ያን ዕለት እንደነበረው በሰው ተሞልቷል። ፊት ለፊት ካለ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቆሞ ሰው እስኪቀንስ ጠበቀ። ሦስት ሲወጡ አራት ይገባሉ። አንድ ሰዓት ያህል እንደቆመ ራሱን «እሷን ስትሰድብ ሰው እስኪወጣ ጠብቀህ ነበር?» አለው። ተሻግሮ ገባ።

ጠረጴዛዋ ጥጉ ላይ እንዳለች ናት፤ በላይዋ ኮምፒዩተሩን ጭምር ሸፍኖ የጨርቅ ጣቃ ተከምሮባታል። ሲሃም አቡጀዴ እየለካች ነበር። ስታየው «እንኳን ደህና መጡ ቲቸር» ብላ ጎንበስ አለችለት። ፊቷን ብታዞርበት ይሻለው ነበር።

«ሐጂ» አለ በላቸው። «የዚያን ቀን እዚህ ቆሜ ስናገር የሰማችሁም ያልሰማችሁም ስሙኝ። ከዚህ ቤት የገዛሁት ዲስክ ደህና ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ አጫጫኔ ነው የተበላሸ። ካወቅሁ ወር ሊሞላኝ ነው፤ አፍሬ ዝም አልኩ። አፉ በሉኝ። አንቺም ሲሃም፣ አፉ በይኝ።»

ሐጂ መቀሳቸውን አስቀመጡ። ያዩት ግን ልጃቸውን ነው።

«አውቀሽ ነበር?»

ሲሃም ከጠረጴዛው መሳቢያ ያን የተመለሰ ዲስክ አወጣችና ሰጠቻቸው። ከመጀመሪያው ፕላስተር ጎን ሌላ ተለጥፎበታል። ቀኑ በላቸው ዲስኩን የመለሰበት ያው ቀን ነው። «ደህና ነው። ማስነሻው አሮጌው ላይ ቀርቶ ነው» ይላል።

«ታዲያ ጠረጴዛሽን ስከለክልሽ ምነው ዝም አልሽ?»

«ብነግርዎ እርስዎ ለሰው ሳይናገሩ አያድሩም፣ አባ» አለች ጨርቁን እያጠፈች። «አስተማሪዬ ናቸው። በሰው ፊት እንዴት አድርጌ ላሳፍራቸው?»

በላቸው የሚያይበት አጣ፤ የራሱን ጫማ ማየት ጀመረ።

«እኛ አፉ ብለናል መምህር። መምጣትዎም ደግ ነው» አሉ ሐጂ። ከዚያ ከጠረጴዛዋ ላይ ጣቃውን አንድ በአንድ ያነሱ ጀመር። በላቸው ሊያግዛቸው ጠጋ ሲል በእጃቸው መለሱት። «ተዉት። የከመርኩት እኔ ነኝ።»

ለሚስቱ ቀሚስ ሊገዛ የመጣ አንድ የጤና ባለሙያ ሁሉንም ቆሞ ሲሰማ ነበር። «ካወቁበት መምህር፣ እኔም ዛሬ ሌላ ቦታ የገዛሁት አዲስ ዲስክ አለ፤ እስቲ ይዩልኝ» ብሎ ከቦርሳው አወጣ።

«ባለሙያዋ እሷ ናት» አለ በላቸው።

ሲሃም አባቷን አየች። ሐጂ ወንበሩን ሳቡላት። ተቀመጠች፣ የኮምፒዩተሩን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ዲስኩን ሰካችና መረመረች። ምርመራው አለቀ፤ አንድም ችግር አልታየም። ፕላስተር ቆረጠች፣ የእስክሪብቶውን ክዳን ከፈተች፣ ግን ሳትጽፍ ገታ አለች። ክዳኑን መልሳ ዘጋችና እንደገና መረመረች። ሲያልቅ ለሦስተኛ ጊዜ ደገመች።

«ምነው፣ ችግር አለው እንዴ?» አለ ሰውየው።

«የለውም» አለች ቀስ ብላ። ፕላስተሩንና እስክሪብቶውን ወደ በላቸው ገፋ አደረገች። «ቲቸር፣ እርስዎ ይጻፉበት።»

«አንቺ ደህና ነው ካልሽ ደህና ነው። አንቺው ጻፊው፣ የኔ ልጅ።»

እስክሪብቶውን አነሳች። አባቷን አየች፣ ጨርቅ የሚያማርጡትን ሴቶች አየች። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠችና ዲስኩን ነቅላ መልሳ ሰካችው፣ ለአራተኛ ጊዜ ልትመረምረው።

በላቸው ቆሞ ጠበቃት።