የበሬዱ ቅልጥም

ልጄ ጊፍቲ ስምንት ዓመቷ ነው። ሰኞ ዕለት ከጓደኛዋ ከትንሳኤ ጋር ደጃፍ ተቀምጣ፣ እኔ ውስጥ መሆኔን ሳታውቅ፣ «እማዬ እሠራለሁ ትላለች እንጂ አትሠራም» ስትል ሰማኋት። በቁጣ አልነበረም። ሰው «ዛሬ ዝናብ ይመጣል» እንደሚለው ነው ያለችው። ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ መልስ አላጣም ነበር።

እውነቷን ነው። የመሬት ልኬት ጸሐፊ ነኝ፤ መስክ ውጡ ሲሉን ደንዲና ወንጪ ሰንብተን ነው የምንመለሰው። የልደቷ ዕለት ጊንጪ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የዘመረችበት ዕለት መኪናችን አዲስ ዓለም ከተማ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። አሁን ደግሞ ዓርብ የንባብ ቀን ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ የሚወደውን ጀግና ይዞ ክፍሉ ፊት ይናገራል። የእሷ ጀግና በስልኬ የምታያት የካርቱን ፈረሰኛ፣ ቀይ መቀነት የታጠቀችው በሬዱ ናት። «ቁመትሽን የምታህል በሬዱ በወረቀት እሠራልሻለሁ» ያልኩት እኔው ነኝ። ማን አስገደደኝ? አፌ ነዋ። ካፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው።

ረቡዕና ሐሙስን ፈቃድ ወሰድኩ። የፎቶ ኮፒ ባለሱቁ አብዱልወሀብ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የበሬዱን ንድፍ በአርባ ወፍራም ወረቀት አተመልኝ።

«ሲንቄ፣ ይሄ የልጅ ጨዋታ አይደለም እኮ፤ ቤት መሥራት ነው» አለኝ።

«ቤትስ ተሠርቶ የለ?» ብዬው ሄድኩ።

ቁራጮቹ ቁጥር አላቸው፤ ቁጥርን ከቁጥር እያገናኙ ማጣበቅ ነው። ጊፍቲ ትቆርጣለች፣ እኔ እጥፋለሁ። የገዛሁት ሙጫ ጭንቅላቷን እንኳ ሳንጨርስ አለቀ። ቤት ውስጥ አብሮን የሚኖረው አባቴ፣ አባዬ፣ ከወንጪ ያመጣው ቡላ ነበርና እሱን ቀቅዬ ሙጫ አደረግኩት። ቡላ የያዘውን አይለቅም። እኔ ግን ለገንፎ የተቀመጥኩ ይመስል አብዝቼ ለቀለቅኩት። ሐሙስ ጠዋት ጭንቅላትና ደረቷ ደርቆ ጠንክሯል፤ እግሮቿ ግን ርጥበቱን ጠጥተው ለስልሰዋል። ስናቆማት እግሯ ታጠፈና በግንባሯ ተደፋች።

 ጊፍቲ መቀሱን አስቀምጣ ደብተሯን አወጣች። 

«ገና አላለቀም» አልኳት።

«እሺ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ካርቶን አስገባሁባት፤ ጎበጠ። የቀርከሃ ስንጥር ሞከርኩ፤ ወረቀቱን በሳው። የሚያስፈልገኝ ስስ ሆኖ የማይጎብጥ፣ ውሃም የማይጠጣ ነገር ነው። ይህን ሳሰላስል ዓይኔ የአባዬ ፍራሽ ላይ አረፈ።

አባዬን፣ ኦቦ ሆርዶፋን፣ ሰፈሩ የሚያውቀው በራጁ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ወንጪ ላይ ከፈረስ ወድቆ ቅልጥሙ ተሰበረ። ሐኪሙ ያለ ሰው ድጋፍ እንደማይሄድ ነገረው። ስምንት ወር አጥር እየያዘ ግቢያችንን ዞረና ዱላ ብቻ ይዞ መሄድ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን የራጅ ፊልሞች ፍራሹ ሥር በፖስታ ያኖራል። ፓስተሩም ይምጣ፣ ወተት አምጪዋም ትምጣ፣ መስኮት ላይ ዘርግቶ ስብራቱን በጣቱ ያሳያል። ሰው የይዞታ ማረጋገጫውን እንደሚጠብቅ ነው የሚጠብቃቸው።

«አባዬ፣ ማሎ፣ እባክህ ራጁን ስጠኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«ልቆርጠው። ለበሬዱ እግር።»

ትክ ብሎ አየኝ። «የእኔን እግር?»

«እግርህማ አብሮህ አለ። ይሄ ፎቶው ነው።»

«ምስክሬ ነው እንጂ። ስሰበር ያላየ ሰው፣ እንዴት እንደተነሳሁ በምን ያውቃል?»

አፈርኩ፤ ግን አልተውኩም። ጊፍቲ እንዳትሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሰኞ ያለችውን ቃል በቃል ነገርኩት። «ነገ ካልቆመች ልጄ ሁለተኛ አታምነኝም፣ አባዬ። ፈርቻለሁ» አልኩት።

ዱላውን ይዞ ተነሳ። ፖስታውን ሲያወጣ ለእኔ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ፤ እሱ ግን አልፎኝ ጊፍቲ አጠገብ ተቀመጠ።

«መቀስሽን አምጪ» አላት። ፊልሙን የበሬዱ እግር ላይ አድርጎ ለካ። «እንዲህ አይደለም፤ የጉልበቱ ወገን ወደ ላይ ይሁን። ቅልጥም በቅልጥም ቦታ ነው የሚገባው።»

ስትቆርጠው ዓይኑን ጨፈነ። ፊልሙን ቡላ ስለማይዘው በፕላስተር አሰርነው፤ አንዱን ለቀኝ፣ አንዱን ለግራ። ወረቀቱን በላዩ በስሱ አጣበቅን። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሬዱ ቆመች። አባዬ ትከሻዋን በዱላው ገፋ አደረጋት። ተነቃነቀች እንጂ አልወደቀችም።

ዓርብ አባዬና እኔ ክፍሉ ኋላ፣ ለልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጊፍቲ አንብባ ስትጨርስ መምህርቷ ሸዋገነት በሬዱን ዳሰሰቻት።

«ወረቀት ሆና እንዴት ቆመች?»

«ውስጧ የአካኮ እግር አለ» አለች ጊፍቲ፣ አያቷን እያሳየች። «ተሰብሮ ነበር።»

ልጆቹ ሁሉ ወደ ኋላ ዞሩ። አባዬ የሚያሳየው ራጅ የለውም። ተነሳና ዱላውን ለእኔ ሰጥቶ በሁለቱ የዴስክ ረድፎች መሃል እስከ በሬዱ ድረስ በእግሩ ሄደ።

«ማን ሠራት?» አለች መምህርቷ።

«እማዬ። እሠራለሁ ብላኝ ነበር፤ ሠራቻት።»

በኩራት አልነበረም። ሰው «ዛሬ ዝናብ ይመጣል» እንደሚለው ነው ያለችው። ዱላውን ታቅፌ አለቀስኩ።