ሰም በፀሐይ አይቀባም

«አንተ! እጅህን አንሣ! በደረቅ ጨርቅ አትንካት!»

በለቅሶ ቤቱ ንፍሮ የሚያላምጠው ማላመጡን ተወ፤ ሻይ የሚቀዳው ማንቆርቆሪያውን አንጠልጥሎ ቀረ። ኛሉዋክ ከምንጣፏ ተነሥታለች። ባሏ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ራሷን ተላጭታለች፤ የአንገቷን ጨሌ አውልቃለች፤ እንባዋን ግን እስካሁን ያየ ሰው የለም። አሁን ከሸራው ሥር ወጥታ በባዶ እግሯ ወደ ማንጎው ዛፍ እየገሰገሰች ነው።

ከማንጎው ሥር ባሏ ሲነዳት የኖረችው ጥቁር መኪና ቆማለች። አጠገቧ ፒተር አለ። ፒተር እስከዚያ ሳምንት ድረስ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ትከሻ ሰፊ ሰው ነው። አሁን በሟቹ ቦታ ተተክቶ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ለቅሶ ሊያደርስ መጥቷል። ኃላፊው ሸራው ሥር ተቀምጦ ሻዩን ሲጠጣ፣ እሱ የኮፈኑን አቧራ በጨርቅ ቆቡ ሊጠርግ ነበር።

«እናቴ፣ አቧራ ነው እኮ።»

«ዓይን አለኝ፤ አይቼዋለሁ። አቧራ ማለት የደቀቀ አሸዋ ነው። ጥቁር ቀለም ላይ አሸዋ ታሻለህ? ያቺ የጭነት መኪናህ መሰለችህ? መጀመሪያ ውኃ! ብዙ ውኃ! ከላይ ታፈሳለህ፣ አሸዋው ይወርዳል፣ ከዚያ ትነካለህ።»

ፒተር ቆቡን ራሱ ላይ መለሰና ባልዲ ፍለጋ ሄደ። ምን ያድርግ።

«ለባሏ ያላለቀሰች ለብረት ጮኸች» አለች አንዲት ሴት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የሞተው ባሌ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም» አለች ኛሉዋክ፣ ተመልሳ እየተቀመጠች።

የሟቹ የአጎት ልጅ ቶክ ረጃጅም እግሮቹን ዘርግቶ ሳቀ። ቶክ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። «ተዉአት። የአመዱ ሚስት ናት፤ የመኪናን ነገር ከእሷ በላይ ማን ሊያውቅ?» ወንዶቹ በአፍንጫቸው ሳቁ። ለቅሶ ላይ መሳቅ ነውር አይደለም፤ ያልተሳቀለት ሙት ያልተወደደ ሙት ነው። ኛሉዋክ ግን አልሳቀችም።

ባሏን ጋምቤላ ሁሉ «ጋትኩዋት አመዱ» ብላ ነው የምታውቀው። ምክንያቱንም ሕፃን ያውቀዋል። በሰባ ዓመተ ምሕረት ጋትኩዋት ይህችኑ የመንግሥት ጥቁር መኪና በእበት አመድ አሻት። ልክ በከብት በረት ጎረምሳ የሚወደውን በሬ እንደሚያሸው። ቀለሟ ተበላሸ፤ ሰውየውም ታሰረ። ታሪኩን እንደ ቶክ የሚያወራው የለም፤ በየዓመቱም ይጨምርበታል። አምና እንኳ በወሬው የመኪናዋ መስታወት ላይ ለበሬ ቀንድ የሚታሰር ዘርፍ አንጠልጥሎበታል። ነገ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ሸራው ከመነሣቱ በፊት ተነሥቶ የሟቹን ሕይወት የሚናገረው ደግሞ ይኸው ቶክ ነው።

«የአመዱን ነገር ካላወራሁማ ጋትኩዋት ራሱ ከመቃብር ተነሥቶ ይቆጣኛል» ይል ነበር ጠዋት።

ኛሉዋክ ሰምታዋለች። እሷ የምታውቀውን ደግሞ እዚያ ሸራ ሥር የሚያውቅ የለም። ነገ ሳትናገር ሸራው ከተጠቀለለ ያ ስም ከባሏ ጋር ለዘላለም ይኖራል። ብትናገር ደግሞ ለባሏ የገባችውን ቃል ታፈርሳለች፤ በዚያ ላይ «ተሳሳትኩ» ብላ በማታውቅ አፏ ልትለው ነው። የትኛው እንደሚከብዳት እሷም አልለየችውም።

ከሰዓት በኋላ ሳኒ መጣ። ገበያው ጥግ ሱቅ ያለው፣ ከወሎ የመጣ ነጋዴ ነው። ጫማውን አውልቆ ከፊቷ በርከክ አለ።

«የኛዴንግ እናት፣ አላህ ያጽናሽ።»

«ያጽናኝ። ትናንት መጥተህ አልነበር? ሱቁን ማን ያዘልህ?»

«ፋጢማ አለች። ይኼን ላደርስሽ ነው።» ከጆንያ ውስጥ አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮና የታጠፈ ጨርቅ አወጣ። «ከመኪናዋ ኋላ ነበር። የእሱ ነው፤ መንግሥት አይጠይቅበትም።»

ክዳኑን ከፈተችው። ንጹሕ ሰም፣ በላምባ የላላ። ሰሙ ከመዠንገር ጫካ ከሚመጣው ማር ሰፈፍ ነው፤ ጋትኩዋት ራሱ አንጥሮ፣ በፈላ ውኃ ላይ አቅልጦ፣ ከእሳት አርቆ የሚያዋህደው። የማርና የላምባ ሽታ ወጣ። የእጁ ሽታ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት እንጀራ የቆረሰበት፣ ልጅ ያቀፈበት እጅ። ቶሎ ብላ ከደነችው። ጨርቁ ደግሞ የመጨረሻ ልጇ ኛዴንግ የታዘለችበት ነው፤ ከመታጠብ ብዛት እንደ ጥጃ ጆሮ ለስልሷል።

ሳኒ ወጣና ባልዲ ይዞ ግራ የገባውን ፒተርን አገኘው። ከሸራው በስተጀርባ ስለነበሩ ኛሉዋክ አታያቸውም፤ የሚሉት ግን ይሰማታል።

«ስማኝ ፒተር። ጥቁር ቀለም ለስላሳ ነው። ነጭ መኪና ብትቧጭረው ይደብቅልሃል። ጥቁር አይደብቅም፤ ፀሐይ ስትወጣ ሁሉን ይናገራል። ሰሙን ለጌጥ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ልብስ ነው። አቧራውም፣ የወፍ ኩሱም፣ የማንጎው ሙጫም ልብሱን ያገኘዋል እንጂ ገላዋን አያገኝም። በየወሩ ታለብሳታለህ።»

«አሁኑኑ ልቀባት?»

«በዚህ ሙቀት? ሰም በፀሐይ አይቀባም። ጥላ ትፈልጋለህ፣ ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ በስሱ ትቀባለህ። ከዚያ ነጭ ሆኖ እስኪደርቅ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ፤ ሲደርቅ ትወለውለዋለህ። የቸኮለ ሰው የሚያተርፈው ጭጋግ ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

«አንድ ነገር ደግሞ። ከኋላው በር በታች፣ ከጎማው ከፍ ብሎ፣ መዳፍ የምታክል ቦታ አለች፤ የተፋተገች። ያኔ መኪናዋን ሁሉ ስንወለውል ጋትኩዋት እሷን አላስነካኝም። ‹ይቺ ትቅር› አለኝ። ‹ለምን?› ስለው ሳቀ። በየወሩ ሰም ብቻ ያለብሳት ነበር። አንተም አትፋቃት፤ የሟች ነገር ነው።»

የኛሉዋክ እጅ የንፍሮው ሳህን ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እንዲህ ነበር። ከመቱ ከተማ ትልቅ እንግዳ በአውሮፕላን ይመጣል ተብሏል፤ ጋትኩዋት ደግሞ ወባ ጥሎት በሁለት ብርድ ልብስ ሥር ይንቀጠቀጣል። ማታ ላጥባት ብሎ ያመጣት መኪና ማንጎው ሥር ጭቃና የወፍ ኩስ ለብሳ አድራለች። «አላጠብኳትም፣ አላጠብኳትም» እያለ ይቃዣል። ኛሉዋክ ኛዴንግን አዝላ ወጣች። አባቷ በሬውን በአመድ ሲያሽ አይታለች፤ ጥቁሩ ቆዳ ከታጠበ በኋላ እንደ ባሮ ውኃ ያበራ ነበር። ድስቷን በአመድ ትፈትጋለች፤ ጥርሷንም በአመድ ታሻለች። አመድ ያላበራው ነገር አይታ አታውቅም። የሚጠየቅ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም እሷ የምትጠይቅ ሴት አይደለችም።

ጎህ ሲቀድ ጀመረች። እርጥብ አመድ በመዳፏ እያፈሰች፣ ክብ እያዞረች፣ የአባቷን የበሬ ዘፈን በለሆሳስ እያለች አሸቻት። ውኃ ስታፈስባት ጥቁር ሆና አበራች። ኛሉዋክ ወገቧን ይዛ ቆመችና ኮራች። ከዚያ ፀሐይዋ ወጣች፣ ውኃው ደረቀ። መኪናዋ እንደ ዝሆን ቆዳ ዐመድማ ሆነች፤ ከጣሪያዋ እስከ ጎማዋ ክብ በክብ ተጫጭራ።

ጋትኩዋት የበሩን መቃን ተደግፎ ወጣ። መኪናዋን አየ። የሚስቱን እጅ አየ፤ እስከ ክርኗ ነጭ ነው። እየተንቀጠቀጠ ገበቴውን አመጣና እጇን ራሱ አጠበው።

«ጥፍርሽ ውስጥም አለ» አለ፤ በስንጥር አወጣላት።

ከዚያ ከቀረው አመድ ዘግኖ የራሱን ክንድ ቀባ። «ሲመጡ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አንቺ ተኝተሽ ነበር።»

«ምን ብዬ? እኔ ነኝ እላቸዋለሁ! ማንን ልፈራ?»

«ልጅቱ ገና ትጠባለች። በዚህ ዓመት ከዚህ ባነሰ ነገር እስር ቤት ገብቶ ያልወጣ ሰው አለ። ይህ ነገር ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባች። እሱን «አሻጥረኛ» ብለው አሠሩት፤ አሥራ ሁለት ቀን። ሳኒ በወጣትነቱ ደሴ ጋራዥ ውስጥ መኪና ይወለውል ነበርና፣ «ቀለሙን እኔ እመልሰዋለሁ» ብሎ ዋስ ሆኖ አስወጣው። ሁለቱ ማንጎው ሥር ተቀምጠው፣ ከሳኒ ሱቅ በመጣ የጥርስ ሳሙናና በኛዴንግ ማዘያ ብረቱን ስንዝር በስንዝር ሲያለሰልሱ ሰነበቱ። ጥቁሩ ተመለሰ። ሥራውም ተመለሰለት። ስሙ ግን አልተመለሰም። «አመዱ!» ሲሉት «አቤት!» ይላል። አንድ ቀን ልትታገሠው አልቻለችምና፣ «በቃ፣ ልናገረው» አለችው። ሰም ሲያነጥር ነበር፤ ቀና ብሎ አያት።

«ተዪው። እኔ ነጭ መኪና ነኝ፤ ቢቧጭሩኝ አይታይም። ጥቁሯ አንቺ ነሽ።»

በሦስተኛው ቀን ጸሎት ተደረገ፤ መዝሙሩ በዝግታ ተዘመረ። ፒተር ጥቁሯን መኪና ይዞ ብቻውን መጥቶ ነበር፤ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ «ውኃ አፍስሼባታለሁ፣ እናቴ» አላት። «ሰው ሆነሃል» አለችው። ቶክ ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሰዉም ሊስቅ ተዘጋጀ።

«ወንድማችን ጋትኩዋት አመዱ...»

«ቶክ፣ ተቀመጥ።»

«የኛዴንግ እናት፣ ገና አልጀመርኩም እኮ።»

«ለዚህ ነው ተቀመጥ የምልህ። ከጀመርክ በኋላማ ማን ያስቆምሃል?»

ሰዉ ሳቀ። እሷ ቆመች። ሁለት እጆቿን ወደፊት ዘረጋች፤ መዳፎቿን ወደ ሰዉ አዙራ።

«አመዱ የታሸው በዚህ እጅ ነው። እሱ በወባ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መኪናዋን እንኳ አላየም። ያሸኋት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ቀን የታሰረው በእኔ ፋንታ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አመዱ ስትሉት አቤት ሲላችሁ የኖረው በእኔ ፋንታ ነው። እንዳልናገር ቃል አስገብቶኝ ነበር፤ አፍርሼዋለሁ፤ ስንገናኝ ይቆጣኝ። እኔ ተሳስቼ አላውቅም የምል ሴት ነኝ፤ ታውቁኛላችሁ። አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ይኸው።»

የሚያላምጥ የለም። ፒተር ቆቡን አወለቀ። ሳኒ መሬት መሬቱን እያየ ራሱን ደጋግሞ ነቀነቀ፤ ጋትኩዋት ያቺን ቦታ ለምን እንዳላስነካው አሁን ገባው።

ቶክ እንደቆመ ነው፤ ረጃጅም እጆቹ የት እንደሚገቡ ጠፍቷቸዋል። «ታዲያ...» አለ፣ «ታዲያ እኔ ምን ላውራ? ሌላ አላዘጋጀሁም።»

«ያንኑ አውራ። የእኔን አድርገው። ዘርፉንም ጨምርበት፣ እንደለመድከው።»

አንዱ ሊስቅ ጀመረና መሀል ላይ ድምፁ ተሰበረ። ትናንት ያማቻት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቶክ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ታሪኩን አጭር አድርጎ ተናገረው። ሲጨርስ «ጋትኩዋት» ብቻ አለ፤ ከኋላው ምንም አልጨመረበትም።

ኛሉዋክ አልቆየችም። ቆርቆሮውንና ጨርቁን ይዛ ወደ መኪናዋ ሄደች። ከኋላው በር በታች ቁጢጥ ብላ ፈለገች። ሌላው ሁሉ ፊት የሚያሳይ ጥቁር ነው፤ እዚያች ቦታ ላይ ግን ትንንሽ ክቦች አሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ፣ የአንዲት ቸኳይ ሴት መዳፍ እንደዞረ። መዳፏን አኖረችበት። ብረቱ ይፋጃል። የማንጎው ጥላ ወደ ፊት ሄዶ ይህን ጎን ለፀሐይ ጥሎታል።

ሳኒ ተከትሏት መጥቶ ነበር። «የኛዴንግ እናት፣ ፀሐይ ነው። ፒተር ወደ ጥላው ያስጠጋልሽ።»

«አያስነሣት። ጥላ እኔ ጋ አለ።»

ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ጥላዋ በበሩ ላይ ወደቀና ቦታዋን ሸፈነ። ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች። ከዚያ ጨርቁን በጣቷ ላይ ጠቅልላ ከሰሙ ነካ አደረገችና በስሱ ቀባች። ክብ አላዞረችም፤ ጫና አላደረገችም። ሰሙ ቀስ እያለ ነጭ ሆነ።

ከበስተኋላዋ ሸራውን እየጠቀለሉ ነው። ኛዴንግ «እማ፣ ነይ ብዪ» ብላ ተጣራች።

«ገና አልደረቀም» አለች።

ዝንብ መጥቶ የተላጨ ራሷ ላይ አረፈ። ከጉንጯ ላይ ደግሞ የሆነ ነገር ወደ አገጯ ይወርዳል። ዝንቡንም አላባረረችም፣ ጉንጯንም አልጠረገችም። ብትነቃነቅ ፀሐይ ትገባለች።