አስራ አምስተኛው ዱላ

አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ጥርስ ሐኪም ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ጥርስ ጉድጓድ ሲደፍን ይከርምና ቅዳሜ ሲሆን ጉድጓድ ፍለጋ ይወጣል። ጎልፍ ይጫወታል ማለቴ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን የሚያህል ቦርሳ ተሸክሞ ሲወጣ ሲገባ ሳየው ኖሬ፣ ሄዶ የሚሠራውን ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። ሐሜቱን ከልጄ እየሰማሁ ለጎረቤት አዳርስ ነበር፤ እሱን አልክድም።

ያን ቅዳሜ አብሬው የሄድኩት ለስለላ ነው። ጉልበቱ ተበላሽቶ ሰኞ ኦፕራሲዮን ሊደረግ ቀጠሮ ተይዞለታል። ከዚያ በኋላ ዓመት እስኪሞላው ዱላ እንዳትነካ ተብሏል። ልጄ ነርስ ናት፤ ያን ቀን ተረኛ ሆነች። "እማዬ፣ አብረሽው ሂጂና ካነከሰ ንገሪኝ፣ እሱ እንደሆነ ቢሞት አይነግረኝም" አለችኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ሥራ ተሰጥቶኝ መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ።

ከቤት ሳንወጣ ያደረግኳትን አንዲት ነገር ልንገራችሁ፤ መዘዙ ሁሉ የመጣው ከሷ ነው። ዕቃ ቤት፣ በሩ ኋላ፣ አንድ አሮጌ የጎልፍ ዱላ ተገትሮ ይኖር ነበር። ጫፉ ጎበጥ ያለ ብረት ነው። እኔ ጎንበስ ማለት ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ነጠላ ጫማዬ አልጋ ስር ሲገባብኝ በሱ ነው ስቤ የማወጣው። መጋረጃም እገፋበታለሁ። እጀታው ቢያንሸራትተኝ አረንጓዴ ክር ጠመጠምኩበት፤ ከሹራቤ የተረፈ ክር። ማንንም አላስፈቀድኩም፣ የሚፈልገውም ያለ አልመሰለኝም።

ያን ጠዋት ታዲያ ቦርሳው ኮሪደር ላይ ተዘጋጅቶ ሳየው ሆዴ ባባ። ሰውየው ከኦፕራሲዮን በፊት የመጨረሻ ጨዋታው ነው፣ ዕቃው ጎድሎበት ይሂድ? ዱላውን አመጣሁ። ከላይ ተጨናንቀው መግቢያ የለም። በጎን በኩል ጃንጥላ የሚገባበት ረጅም ኪስ አለ፤ እዚያ ብረቱን ወደ ታች አድርጌ፣ ከጃንጥላው ጋር ሻጥ አደረግኩት። የሰው ዕቃ መለስኩ ብዬ ቀለል ብሎኝ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ስንደርስ የማየው ሁሉ ሳር ነው። ያን የሚያህል ሳር ተነጥፎ አንዲት ላም የለችበትም። አማቼ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ጫማውን አወለቀና ሌላ ጫማ አደረገ። ከዚያ ጓንት አወጣ፤ አንድ እጅ ብቻ። ሌላው ጠፍቶበት መስሎኝ ወንበር ስር ስዳብስለት፣ አንድ ብቻ ነው የሚደረገው አለኝ። ዱላዎቹን ሳይ ደግሞ ከፊሎቹ ጭንቅላታቸው ላይ ካልሲ አጥልቀዋል። የሹራብ ካልሲ። እኔ እግሬ ሌት ተቀን እየቀዘቀዘኝ ብረቱ ካልሲ ይለብሳል። አፌን ይዤ ቀረሁ።

እዚያ የጠበቀችን ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት። ቀጭን፣ እንደ ችካል ቀጥ ያለች፣ መነጽሯ በማሰሪያ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ። የሱን ቁጥር እሷ ካርድ ላይ ትጽፋለች፣ የሷን እሱ ይጽፋል። ዳኛ የላቸውም። ይሄን ስሰማ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

"ታዲያ ቢያጭበረብር ማን ያየዋል?" አልኳት።

"ራሱ ያየዋል" አለችኝ።

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ጉልበቱን ብሎ አማቼ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ተከራይቶ ነበር፤ ቦርሳው ከኋላ ታሰረ፣ እኔ ከፊት ተቀመጥኩ። ጨዋታውን መንገድ ላይ አስረዳኝ። ጉድጓዱ አስራ ስምንት ነው። ኳሷን በመታህ ቁጥር አንድ ይቆጠርብሃል፣ ስለዚህ ጥቂት የቆጠረ ነው የበለጠው። በክለቡ ኮሪደር ላይ ደግሞ አንድ የእንጨት ሰሌዳ አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመቶ በታች የጨረሰ ሰው ስሙ በወርቅማ ቀለም ይጻፍበታል። አማቼ ስድስት ዓመት ሲለፋ መቶ ሰባት፣ መቶ ሶስት፣ አንዴ ልክ መቶ። ክሊኒኩ ውስጥ የምትረዳው ልጅ እንኳ በሁለተኛ ዓመቷ ተጽፋለች። በዚያ ኮሪደር ሲያልፍ ስልኩን የሚያይ እየመሰለ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያልፈው፤ ይሄን የነገረችኝ ልጄ ናት። ዛሬ ካልሆነለት ደግሞ ዓመት ሙሉ አልጋና ወንበር ነው። ከዚያ በኋላም ጉልበቱ እንደ ድሮው ይሁን አይሁን ማን ያውቃል።

የመጀመሪያውን ሊመታ ሲዘጋጅ እኔ ከልቤ "በርታ ልጄ" አልኩት። ኳሷ ዛፍ ውስጥ ገባች። ዳይሬክተሯ ቀስ ብላ ጠጋ አለችኝና ሰው ሲመታ ወሬ የለም አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ዝም በይ ስባል ድንጋጤዬን አትጠይቁኝ። ሁለተኛው ጉድጓድ ጋ ኳሷን በደንብ ልያት ብዬ ጉድጓዱ ላይ በተተከለው ባንዲራና በኳሷ መሀል ሳቋርጥ ሁለቱም እጃቸውን አርገበገቡብኝ። ለካ እዚያ አይረገጥም። እሺ ብዬ ጥግ ቆምኩ። "እናቴ፣ ጥላዎን" አለችኝ ደግሞ። ጥላዬ ሳሩ ላይ ተዘርግቶ ኖሯል። ጥላዬንም ይዤ ዞር አልኩ። ሲጨርሱ ኳሷ ወርዳ የጎደጎደችውን ቦታ ጎንበስ ብለው በትንሽ ሹካ ነገር ያስተካክላሉ። የጥርስ ሐኪም ጉልበቱ እየታመመ ለሳር ሲንበረከክ አይቼ ጉድ አልኩ፤ ቤት ውስጥ የበላበትን ሳህን አንስቶ አያውቅም።

ጨዋታው ግን ያምርለት ጀመር። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ አርባ ስምንት ሆነ። ዳይሬክተሯ ካርዱን አየችና ቅንድቧን አነሳች፤ ከሷ ያ ብዙ ነው። አማቼ ጓንቱን ሶስቴ አውልቆ ሶስቴ አጠለቀው።

አስረኛው ላይ ከፊታችን ያሉት ሰዎች ዘገዩ። አማቼ ራቅ ብሎ ጉልበቱን ሲያፍታታ እኔና ዳይሬክተሯ ትንሿ መኪና ውስጥ ቁጭ አልን። ወሬኛ አትመስልም ነበር፤ ትንሽ ስጎነትላት ግን ከፈተችው። ባለፈው ዓመት አንድ መሐንዲስ ዋንጫ ሊበላ ሲል ቦርሳው ውስጥ አስራ አምስት ዱላ ተገኘበት አለችኝ።

"አስራ አምስት ቢሆንስ?"

"የሚፈቀደው አስራ አራት ነው።"

በዚያው ክው አልኩ። ሳልጠቀምበት ቢቀመጥስ አልኳት፤ ባትነካውም ያው ነው አለች። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት ይጨመራል፣ ሲበዛ ሲበዛ አራት። አውቆ ዝም ብሎ ከፈረመ ግን ከጨዋታው ጭራሽ ይሰረዛል። ሌላ ሰው ከቶበት ቢሆንስ አልኩ ድምፄን ቀነስ አድርጌ። መነጽሯን አድርጋ አየችኝ።

"ቦርሳው የማን ነው?" አለችኝ።

ዞር ብዬ ከላይ ያሉትን ቆጠርኩ። ጣቴ አልበቃ ብሎኝ እንደገና ቆጠርኩ። አስራ አራት። የጃንጥላው ኪስ ውስጥ አረንጓዴዬ ብቅ ብላለች፤ የለበስኩት ሹራብም አረንጓዴ ነው። አማቼ አሮጌውን በአዲስ ተክቶት እንደነበር ያኔ ገባኝ። መዝዤ ቁጥቋጦ ውስጥ ልወረውረው አሰብኩ፤ ዳይሬክተሯ ግን ከአጠገቤ ንቅንቅ አትልም።

ከዚያ በኋላ እኔ ሰው አልነበርኩም። ዝም አልኩ። አማቼ ዝምታዬ አስደንግጦት አመመዎት እንዴ እያለ ሁለቴ ጠየቀኝ። አስራ አራተኛው ላይ ማነከስ ጀመረ፤ አየሁት፣ አየኝ፣ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ለመነኝ። ልጄ የላከችኝ ለዚሁ ነበር። እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ አራት ላይ ነው። ከዘጠና አምስት ባይበልጥበት አራት ቢጨመርም ያልፋል ብዬ ስመኝ፣ አስራ ሰባተኛው ላይ ዘጠና አንድ ደረሰ።

መጨረሻው ላይ ደመናው ወረደና ማንጠባጠብ ጀመረ። አማቼ ወዲያው ወደ ቦርሳው መጣ።

"ጃንጥላ ልስጥዎት እማማ።"

"አልፈልግም። ዝናብ እወዳለሁ።"

"መቼ ነው ዝናብ የወደዱት? ውጭ ሲያጉረመርም አልጋ ውስጥ የሚገቡት እርስዎ አይደሉ?"

"ከዛሬ ጀምሮ ነው" አልኩና ሻሼን አውልቄ ኪሱ ላይ ጠምጥሜ አሰርኩት። ቦርሳው እንዳይርስ ነው አልኩ። ቦርሳው ፕላስቲክ ነው። ዳይሬክተሯ አየችኝ፤ የአሮጊት ነገር ብላ ተወችው መሰለኝ።

መታ፣ ሄደ፣ መታ። በአምስተኛው ምት ባንዲራው ጋ ሲደርስ ከአንድ ሜትር ትንሽ የምትረዝም ቀረችው። በባዶ ራሴ ጥግ ቆሜ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። ገባች። ዘጠና ሰባት። አማቼ ዱላውን ጣለና ያ ትልቅ ሰውዬ ፊቱን በአንድ እጅ ጓንቱ ሸፈነ። ዳይሬክተሯ ጨበጠችው፤ ሰሌዳው ላይ ስሙ በምን ዓይነት ፊደል እንዲጻፍ ያስብበት አለችው።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ካርዱ የሚፈረመው በረንዳው ላይ ነው፤ ትንሿ መኪና የምትቆመው ደግሞ ራቅ ብሎ ጠጠሩ ላይ። ዳይሬክተሯ ካርዱን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ቀድማን ሮጠች። እኔም ልሮጥ ስል አማቼ ያዘኝ።

"አማቴን እንዲህ አብሰብሼ ልጅዎን ምን እላታለሁ" አለና ሻሼን ፈታው።

እጁን ልይዝ ዘረጋሁ፣ አልደረስኩም። ጃንጥላውን ሲመዘው ዱላው አብሮ ወጣና ጠጠሩ ላይ ወደቀ። አረንጓዴው ክር ወደ ላይ ሆኖ። አየው። ቀና ብሎ ሹራቤን አየ። ከላይ ያሉትን በዓይኑ ቆጠራቸው፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ደሙ ከፊቱ ላይ ወረደ።

ዳይሬክተሯ ጀርባዋን ሰጥታናለች። ዝናቡ ነው የሚሰማው። ክንዱን ያዝኩትና "መልሰህ ክተተው፣ አላየችም" አልኩት።

"እኔ እኮ አየሁት እማማ" አለኝ።

ጃንጥላውን ዘርግቶ አስያዘኝ። ዱላውን አነሳና እሱ እየበሰበሰ፣ እያነከሰ፣ በረንዳው ላይ ወጣ። እኔም ከኋላው ተከተልኩት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና አስራ አምስት ይዤ ነው የተጫወትኩት፣ አራት ይጨምሩብኝ አላት። ዳይሬክተሯ ዱላውን አየች፣ ክሩን አየች፣ እኔን አየች። እንዴት ገባ አለችው። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ እሱ እጄን ጨበጥ አደረገኝ።

"ቦርሳው የኔ ነው" አላት።

በሕይወቴ በብዙ ነገር ደንግጫለሁ። እንደዚያ ግን ደንግጬ አላውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ ያማሁት ሰው ነው። ጥርስ ነቃዩ እያልኩ፣ ሳህን አያነሳም እያልኩ። እሷ እስክሪብቶዋን ቶሎ አላነሳችም፤ ስታነሳም ዘጠና ሰባትን ሰርዛ መቶ አንድ ብላ ጻፈችና ፈረመች፣ እሱም ፈረመ። ስንወጣ በኮሪደሩ አለፍን። ስልኩን አላወጣም። ቆሞ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ የረዳቱን ስም ሲያገኝ ፈገግ አለና ሄድን።

መኪና ውስጥ ገባን። ይቅርታ ልለው ስጀምር እንባ ቀደመኝ። መብራት ላይ ስንቆም ዞር አለ።

"ለምንድን ነበር የሚጠቀሙበት?"

"ለነጠላ ጫማ። አልጋ ስር ሲገባብኝ።"

"በስንት ምት ይወጣል?"

"በአንድ። ሲብስ በሁለት።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን ሰው ጡሩምባ እስኪነፋ ድረስ ሳቀ። እየሳቀ ዓይኑን ሲጠርግ ግን ሳቅ ብቻ እንዳልሆነ አየሁ፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩለት።

ማታ ልጄ ጫማዋን ሳታወልቅ አነከሰ ወይ አለችኝ። አላነከሰም አልኳት። ስንት አመጣ አለችው፤ መቶ አንድ አላት። "አይ አንተ" ብላ ሳቀች። የዱላውን ነገር አልነገራትም፣ እኔም አልነገርኳትም። ሶስት ሳምንት ሙሉ ለማንም አልተነፈስኩም፤ ጎረቤቶቼ ታመመች ብለው ሊጠይቁኝ መጥተዋል። ይሄው አሁን ለእናንተ ወጣልኝ።

አሁን እሱ ሳሎን ውስጥ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ነው የሚውለው። ጎንበስ ማለት አይችልም፤ ነጠላ ጫማው ሶፋ ስር ይገባበታል። በቀን ሶስት አራቴ "እማማ፣ አስራ አምስተኛውን ያቀብሉኝ" ይለኛል። አቀብለዋለሁ። እሱ በሶስት ምት ነው የሚያወጣው፤ እየቆጠርኩ ጮክ ብዬ እነግረዋለሁ። ከዚያ ወደ ዕቃ ቤት ስመለስ ቦርሳውን ከፈት አድርጌ እቆጥራለሁ። ማንም የሚጫወት የለም፤ ግን እቆጥራለሁ። አስራ አራት።