ከክሩ ውጭ የበቀለ ሳር

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ከታላቅ ወንድሟ ከሹፌሩ ጋር ከተጣላች ወዲህ አንቱ ትለዋለች። ለክብር እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ባዕድ ልታርቀው ነው። እሱም በበኩሉ እህትነቷን ትቶ «መርፌዋ» ይላታል። የእናታቸውን ቤት ለሁለት ተካፍለው፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በር ለበር ተፋጠው ይኖራሉ። የእኔ መስኮት ከአጥራቸው በላይ ስለሆነ ሳልፈልግ ሁሉን አያለሁ። ስፈልግም አያለሁ።

ቤቱን ሲካፈሉ ግቢውን ሳይካፈሉት ቀሩ፤ ጠቡም የመጣው ከዚያ ነው። ሹፌሩ ሚኒባሱን ጭቃ እንዳይነካበት ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ሊያለብሰው ፈለገ። እሷ ደግሞ በበሯ ፊት ያለውን መሬት ለእናቷ ሳር ፈለገችው።

ሳሩን የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች ያውቁታል። ድሮ ከከተማው ጀርባ በነበረው ጉብታ ላይ ማንም ሳይዘራው ይበቅል ነበር። አናቱ እንደ ላባ የለሰለሰ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ወደ ሐምራዊ ያደላል። በጋውን ሙሉ ጠብታ ውሃ ሳይቀምስ ቆሞ ይከርማል። አሁን ጉብታው ተደልድሎ ሕንፃ በሕንፃ ሆኗል። የቀረው ዘር እናትየው ቀድማ የለቀመችው አንድ እፍኝ ብቻ ነው። እሱንም ልትሞት ስትል በጨርቅ ቋጥራ ለሴት ልጇ ሰጠቻት። ለሹፌሩ ምንም አልሰጠችውም። እንግዲህ ሰውየው ሲሚንቶ ሲሚንቶ የሚለው ለምን እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

ሽማግሌ ሆኜ መሀላቸው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። «ዝናቡ እስኪያባራ ታገሣት» አልኩት። «ሳሩ በበሯ ፊት አናት አውጥቶ ከታየ ያ ጎን አፈር እንደሆነ ይቅር። ካልሆነ ሲሚንቶህን አፍስስ።»

«ይሁን» አለ። «ግን መርፌዋ ቁልፍ እንጂ ሳር መትከል ከየት ታውቃለች?»

«እርስዎስ መሪ ከማዞር ሌላ ምን ያውቃሉ?» አለችው።

ሥራውን የጀመረችው ልብስ እንደምትሰፋ አድርጋ ነው። አፈሩን ቧጥጣ አለሰለሰች፤ ችካል ተክላ ክር ወጠረች። ዘሩ ብናኝ ነገር ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቃ በክሩ ሥር በጣቶቿ እያንጠባጠበች ሄደች። አልቀበረችውም፤ ብርሃን ካላገኘ አይነሣም ብላ በጣውላ ጫን ጫን ብቻ አደረገችው።

«ክሩ ምን ይሠራል?» አልኳት።

«ሳር ልጅ ሲሆን ሁሉም አንድ ነው የሚመስለው፣ እትዬ። በክሩ ላይ የወጣው የኔ ነው። ከክሩ ውጭ ያለው አረም ነው፤ እየነቀልኩ እጥላለሁ።»

በማግስቱ ሹፌሩ ሚኒባሱን አጠበ። ሁልጊዜ የሚያጥበው ውጭ መንገድ ላይ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ዘሩ ከተዘራበት መደብ ራስጌ አቁሞ የውሃ ጎማውን ለቀቀው። ውሃው በመደቡ ላይ ተንዶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ በሹፌሩ በራሱ ቤት ግድግዳ ሥር ሄዶ ተኛ። እሷ መቀሷን እንደያዘች ወጣች።

«ሆን ብለው ነው።»

«መኪናዬ ቆሸሸ፣ አጠብኩ። ውሃ እንደሆነ ፍሬን የለው።»

«እናታችን ይህን ብታይ ምን ትልዎት ነበር?»

«እሷ መቼ እኔን አይታ ታውቃለች?»

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ክሮቿን አየች። ክሮቹ እንደተወጠሩ ናቸው፤ አንድም ችካል አልተነቀለም። «ተርፏል» ብላ ገባች። በእሷ ሙያ ክሩ ካልተነቃነቀ ስፌቱም አይነቃነቅም።

ሳምንታት አለፉ፤ በክሩ ሥር አረንጓዴ ነገር ብቅ ብቅ አለ። ደስታዋ ለብቻው ነበር። ጠዋት ጠዋት በርከክ ብላ ከክሩ ውጭ ያለውን ሁሉ ታጸዳለች። ሹፌሩ ግን ግድግዳው ሥር የበቀለውን አንድም አልነካም።

«አረምዎን ይንቀሉ፤ ወደኔ ይዘምታል» ትለዋለች።

«ይዝመት። ለሱ ብዬ ነው የተውኩት» ይላታል።

ዝናቡ ሲያባራ በክሩ ላይ ያለው ሳር አናት አወጣ። ሙጃ ነው። ማንም የእርሻ ዳር የሚያውቀው፣ ገበሬ ሲረግመው የሚውል ሙጃ። ልብስ ሰፊዋ አንዱን ቀጥፋ በጣቶቿ መሀል አሸችው፤ ከዚያ የበሯ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ሹፌሩ ይህን ሰምቶ ነው መሰለኝ በማግስቱ ግንበኞችን አሸዋና ሲሚንቶ አስይዞ መጣ። እኔም ቃሉን የተቀበልኩ ነኝና ሄድኩ።

ሙጃውን ሲያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «መርፌዋ፣ ክረምቱን ሙሉ አረም በመስመር ስትሰፊ ከረምሽ?»

እሷ እሱን አልነበረም የምታየው። በትከሻው አሻግራ ግድግዳውን ታያለች። እኔም ዞርኩ። ከሚኒባሱ ጎማ ኋላ፣ ያ ሁሉ የእጣቢ ውሃ ተኝቶበት በነበረው ቦታ፣ ሐምራዊ ላባ ተደርድሯል። ሹፌሩም ዞሮ አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ተጠርጎ ጠፋ። ልጅ ሆኖ በዚያ ጉብታ ላይ ሲንከባለል ያደገ ሰው ነው፤ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

እህቱ አካፋ አንሥታ ወደ ሳሩ ሄደች። እሱ ቀድሞ ፊቷ ተገተረ።

«ንክች እንዳታደርጊው።»

«ዘሩ የኔ ነው። ከመደቤ አጥበው የወሰዱት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ መኪና ነው ያጠብኩት። እዚህ ድረስ የመጣው እናታችን ልካው ነው። ለኔም አንድ ነገር ትስጠኝ እንጂ።»

ይህን ብሎ ወዲያው ወደ ቁጣው ተመለሰ። «በበርሽ ፊት ነው የተባለው። በበርሽ ፊት ያለው ሙጃ ነው። ተሸንፈሻል።»

«ጌታዬ» አለ ግንበኛው፣ «ሲሚንቶው ተቦክቷል። ከየት እንጀምር?»

ሹፌሩ ሳሩንና ሚኒባሱን ተራ በተራ አየ። ግቢውን ሁሉ ካለበሰ ሳሩ አለቀለት። ግማሹን ቢተውም ሚኒባሱ የሚቆመው በእሱ በኩል፣ እዚያው ሳሩ ላይ ነው። ይህን ለእህቱ ተናግሮ ደግሞ «አላልኩዎትም?» ከምትለው ሞቱን ይመርጣል።

ልብስ ሰፊዋ አካፋውን ጣለች። «በኔ በኩል አፍስሱ። መኪናውም እዚያ ይቁም።»

ወጥመድ የፈለገ ይመስል አያት። «መስኮትሽን ይጋርደዋል።»

«ይጋርደው። እዚያ ጎማ እንዳይደርስ ብቻ።»

አላመሰገናትም። «ግድግዳዬ አጠገብ ግን አትደርሺም» አለና ለግንበኞቹ በእጁ አሳያቸው።

አሁን ሚኒባሱ መስኮቷን ደፍኖ ይቆማል፤ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርታ ትሰፋለች። እሱ ሳሩን በሽቦ አጥሮ ወንበር አስጠግቶ ይጠብቃል። ትናንት ቀሚስ ላሳጥር ገብቼ ልነካካት ብዬ «ወይ መሸነፍ!» አልኳት።

ከስፌቷ ቀና አላለችም። «ይልቅ አንድ ነገር ንገሪልኝ፣ እትዬ። ጠዋት ማታ በባልዲ ያጠጣዋል። እንዲህ ያለ ድርቅ የለመደ ሳር ውሃ ሲበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ይተወው በዪው።»

«በር ለበር ሆናችሁ አንቺ አትነግሪውም?»

«እኔ ከነገርኩትማ በበርሜል ያደርገዋል።»

ወጣሁ። ሹፌሩ ባልዲውን ሞልቶ ሽቦውን ሊከፍት ነው።

«ኧረ ውሃ በዛበት» አልኩት። «ይበሰብስብሃል።»

«ማን አለ?» አለ፣ ወደ እህቱ በር እየገላመጠ።

«እኔ አልኩ።»

«አንቺ ደግሞ ስለ ሳር ምን ታውቂያለሽ?» አለኝና ሽቦውን ሳይከፍት ባልዲውን አንሥቶ ግቢውን ተሻገረና ውሃውን በሙሉ ሚኒባሱ ጎማ ላይ ደፋው።