ብርቱካኑን ያልበላንበት ምክንያት

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ያመጣችልን ብርቱካን የሚያስጎመጅ ነበር፤ ገና ሳይላጥ ሽታው የስፌት አዳራሹን ሞላው። ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት አደለችንና ስንበላ አይታ ደስ ሊላት እጇን አጣምራ ቆመች። አንዳችንም አልበላንም። አመስግነን፣ መርቀን፣ ብርቱካኑን በየቦርሳችን ከተትነውና ደረቅ ብስኩታችንን መቆርጠም ቀጠልን።

ልጅቷ ግራ ገባት። "ብርቱካን አትወዱም እንዴ?"

"ለልጆቻችን ነው፣ የኔ ልጅ" አሏት እትዬ አዝራር። እትዬ አዝራር ከመስመራችን ጫፍ ተቀምጠው አዝራር የሚተክሉ፣ በዕድሜም የሁላችንም ታላቅ ናቸው። ልጆቻቸው አግብተው ከቤት ከወጡ ቆይቷል።

ባለሙያዋ ስለ አትክልት፣ ስለ ፍራፍሬ፣ ስለ ውሃ ጥቅም ስታስረዳን አረፈደች። ደግ ልጅ ናት፤ የምትናገረውም እውነት ነው። ስትሄድ ግድግዳው ላይ ፖስተር ለጥፋልን ሄደች፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጥርሱን አውጥቶ ይስቃል፣ ከሥሩ "በሥራ ቦታዎ ውሃ በብዛት ይጠጡ" ይላል። የውሃን ጥቅምማ እናውቃለን። ያልነገርናት ሽንት ቤቱ እንደሚቆለፍ ነው።

ቁልፉ የሚውለው በተቆጣጣሪያችን እጅ ነው። እኛ ቆጣሪው እንለዋለን፤ የሰፋነውን ሸሚዝ ይቆጥራል፣ ወጣ ገባ ማለታችንንም ይቆጥራል። መሄድ የፈለገች ከስፌት መኪናዋ ተነስታ እሱ ፊት መቆም አለባት። እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ "ምሳ ሰዓት ላይ ምን ስትሠሪ ነበር?" ይላታል። ቁልፉ እንዳይጠፋ ተብሎ ደግሞ ክንድ የሚያክል ጣውላ ታስሮበታል። ያንን ጣውላ ታቅፈሽ፣ ሸሚዙን በሚተኩሱት ወንዶች፣ በካውያ ቤቶቹ መሃል አልፈሽ፣ የት እንደምትሄጂ ለዓለም ሁሉ እያሳወቅሽ ነው የምትሄጂው። ስለዚህ እኛ ጠዋት ሻይ አንጠጣም፣ ምሳ ላይ ሾርባ አንቀምስም፣ ፍራፍሬማ በዞረበት አንዞርም። ደረቅ ብስኩት ግን ሆድ ይዞ ይውላል፣ ከወንበርም አያስነሳም።

ታናሽ እህቴ ሚጢ ከጎኔ ነው የምትሰፋው። እኔ ኮሌታ እገጥማለሁ፣ እሷ እጅጌ ትገጥማለች። ክረምት ላይ ኩላሊቷን ታማ ተኝታ ነበር። ሐኪሙ እንቅጩን ነገረን።

"ስትታመሚ ይህ ሁለተኛሽ ነው። ውሃ ሳትጠጪ፣ ሽንትሽን ይዘሽ የምትውዪ ከሆነ ኩላሊትሽን እናጣዋለን።"

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ አንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልቼ ከመኪናዋ አጠገብ አስቀምጥላታለሁ። ወደ ማታ ጠርሙሱ ባዶ ነው። እሰይ፣ ልብ ገዛች እያልኩ ደስ ሲለኝ ከረመ። አንድ ቀን ግን ክር ልቀይር ቀና ስል፣ ጎንበስ ብላ ውሃውን ለካውያ የሚረጭ ውሃ በሚቀመጥበት ባልዲ ውስጥ ስታንቆረቁር አየኋት። ደሜ ፈላ።

ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ አፋጠጥኳት።

"ኩላሊቱን ያመመው ካውያው ነው እንዴ?"

መንገዱን አሻግራ አየች።

"ሚጢ፣ አንቺን እኮ ነው።"

"ምን ልበልሽ፣ እታለም? ያለፈው ሰሞን 'ዛሬም አንቺ ነሽ?' ሲለኝ ካውያ ቤቶቹ በሙሉ ሳቁብኝ። ያንን ጣውላ ከምሸከም ቢያመኝ ይሻለኛል። አንቺ ዓይንሽን በጨው የታጠብሽ ነሽ፣ ምንም አይመስልሽም። እኔ አልችልም።"

ልቆጣት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እውነቷን ነው፤ እኔ ይሉኝታ አልፈጠረብኝም፣ እሷ ደግሞ የኔንም ድርሻ ወስዳ ነው የተወለደችው። ስለ ኩላሊት ብሰብካት ሐኪሙ ያልነገራትን ምን እነግራታለሁ? ግን እህቴን በሽንት ቤት ቁልፍ ምክንያት አላጣትም። ብቻዋን ብትነሳ ይሳቅባታል። ሁላችንም ብንነሳስ ማን በማን ይስቃል? ይህን ሳስብ እርምጃዬ ፈጠነ፤ ሚጢ ከኋላዬ "ቀስ በይ እንጂ" ትለኛለች።

በማግስቱ ጠዋት መኪኖቹ ከመነሳታቸው በፊት የመስመራችንን ሴቶች ሰበሰብኳቸው።

"ዛሬ ሁላችንም ውሃ እንጠጣለን" አልኳቸው። "ብርቱካንም አምጥቻለሁ።"

"ከጠጣንስ በኋላ?" አለች ኪስ የምትሰፋዋ።

"ከዚያ ወዲያ ያለውን ተፈጥሮ ታውቅበታለች።"

ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን ፍርሃቱ መጣ። አንዷ "እንጀራዬን አታዘጊብኝ" አለች፣ ሌላዋ ጠርሙሷን ከነክዳኑ ይዛ መሬት መሬቱን ታያለች። አልፈረድኩባቸውም። በመጨረሻ እትዬ አዝራር ብርቱካን አንስተው መላጥ ጀመሩ።

"እኔ በዚህ ዕድሜዬ ውሃ ከጠጣሁ ቆጣሪው ቁልፍ እስኪሰጠኝ አልጠብቅም" አሉ። "ስለዚህ ከፊት የምሰለፈው እኔ ነኝ፤ ከአሁኑ ተናግሬያለሁ።"

በላን፣ ጠጣን። ሚጢ ጠርሙሷን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትጠጣው፣ ትድፋው አላየሁም።

ረፋዱ ላይ እትዬ አዝራር ተነሱ። ቀጥዬ እኔ ተነሳሁ። ኪስ የምትሰፋዋ ተነሳች። ከዚያ መኪኖቹ ተራ በተራ ዝም እያሉ መስመሩ በሙሉ ቆመ፤ "እንጀራዬን" ያለችውም ከመሃል አለች።

ቆጣሪው እየሮጠ መጣ። "ምንድን ነው ይሄ? አንድ በአንድ!"

"አንድ በአንድ ነው፣ ጋሼ" አልኩት። "ሰልፉ ነው የረዘመው።"

እትዬ አዝራር ጣውላውን ከእጁ ተቀብለው ገቡ፣ ወጡ። ሌላዋ ገባች። ቆጣሪው ሰዓቱን እያየ ላይ ታች ይላል። ብዙም ሳይቆይ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከፎቅ ወረደ።

"ሥራ ያስቆመው ማን ነው?"

ፖስተሩን አሳየሁት። "እሱ ነው፣ ጌታዬ። ጠጡ አለን፣ ጠጣን።"

ከካውያ ቤቶቹ በኩል ሳቅ ተሰማ፤ የዛሬው ሳቅ በእኛ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ፊቱን ቅጭም አደረገ።

"ሁላችሁም በአንዴ ጠጡ ያላችሁ አለ?"

"በሩ የተቆለፈውስ በሁላችንም ላይ አይደል?"

ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። ከዚያ የለሰለሰ ድምፅ አወጣ። "እሺ። የደረሳት ገብታለች። የቀራችሁ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ፣ የቁልፉን ጉዳይ እናጠናዋለን።"

እናጠናዋለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሠራተኛ የለም። ቢሆንም የአለቃ ለስላሳ ቃል ጉልበት ያላላል፤ ከሰልፉ ጫፍ ያሉት ፊታቸውን ወደ መኪናቸው መለሱ፣ አንዷም ተቀመጠች። ልናገር ስል አንድ ሰው በጎኔ አልፎ ወደ ፊት ወጣ። ሚጢ ናት።

"ሽንቴ መጥቷል" አለችው ቆጣሪውን።

ቃሉ በእሷ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ለእናታችን እንኳን ብላው አታውቅም።

"ነገም ይመጣል" አለች። "ከነገ ወዲያም።"

ቆጣሪው ጣውላውን ዘረጋላት። አልተቀበለችውም።

"እሱን አልሸከምም። በሩን ይክፈቱትና ክፍቱን ይተዉት።"

ቆጣሪው ሥራ አስኪያጁን አየ። ሥራ አስኪያጁ እኛን አየ። የተቀመጠችው ሴት እንደገና ተነሳች። ቆጣሪው ሄዶ በሩን ከፈተና ቁልፉን ከነጣውላው በብብቱ ይዞ ገለል አለ።

ሚጢ ቀና ብላ ገባች። እስክትወጣ ድረስ አንዲትም መኪና አልተነሳችም።